ከጥቁር አንበሳ በር እስከ ጅማ፦ ለካንሰር ሕሙማን ሕፃናት በብስክሌት የተጓዝንባቸው ቀናት

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በስልክ ባነሣነው ፎቶግራፍ ላይ የግራ ዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ ታየ። ፎቶውን እየተቀባበልን አይተን የስልኩ መብራት ያመጣው ነው ተባባልን። ከሁለት ወር በኋላ ያሳየነው ባለሙያ የዓይን ሞራ ስለሚመስል ትንሽ ከፍ ሲል በቀዶ ሕክምና ይነሣለታል ብሎ አሰናበተን። ሬቲኖብላስቶማ የተባለ የሕፃናት የዓይን ካንሰር መሆኑ የታወቀው ከዚያ ወዲህ አምስት ወር ቆይቶ ነው። ልጁ ዛሬ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ጥሎ ኳስ ፍለጋ ይሮጣል፣ የግራ ዓይኑ ግን ሰው ሠራሽ ነው። ሕይወቱ በመትረፉ ፈጣሪዬን ባመሰገንሁ ቁጥር እነዚያ አምስት ወራት ይታወሱኛል።

ባለፈው መስከረም ስምንት ወጣቶች ሆነን ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ በብስክሌት የተጓዝነው እንዲህ ስላሉ ወራት ነው። ከመካከላችን አንዷ የነርስነት ተማሪ፣ አንዱ የፋርማሲ ተማሪ፣ አንዱ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ መምህር ነው። ሒሳብ ያዣችን በስድስት ዓመቷ በደም ካንሰር ታማ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሁለት ዓመት በላይ ኬሞ (ካንሰርን የሚያጠፋ መድኃኒት) ወስዳ የዳነች፣ አሁን 20 ዓመት የሞላት ወጣት ናት። ጅማን የመረጥነው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም እንደ ጥቁር አንበሳ ሁሉ የካንሰር ሕሙማን ሕፃናት ክፍል ስላለ ነው፤ ከአንዱ ክፍል ተነሥተን ሌላው ክፍል ለመድረስ አሰብን። ወሩም በምክንያት የተመረጠ ነው። ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር የሚሉት ወር በዓለም ዙሪያ ስለ ሕፃናት ካንሰር የሚነገርበት ነው፤ ምልክቱም ወርቃማ ሪቫን ነው። የእኛን ሪቫኖች የአንዱ ጓደኛችን እናት ከቢጫ ጨርቅ ቆርጠው ሰፉልን።

ገንዘቡን ለማሰባሰብ የመረጥነው መንገድ ቃል ማስገባት ነበር። ዘመዶቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቻችንና ጎረቤቶቻችን በተጓዝነው ኪሎ ሜትር ልክ አንዱ 2 ብር፣ አንዱ 10፣ አንዱ 50 ለመክፈል ፈረሙ። በመንገድ ላይ ሣጥን ይዘን ላለመለመን ግን ተስማማን። አዲስ አበባ ውስጥ የሕመምተኛ ፎቶ ለጥፈው በድምፅ ማጉያ የሚዞሩ መኪኖች በዝተው የሰው እምነት ከተሸረሸረ ቆይቷል፤ በዚህም የሚጎዱት በእርግጥ የታመሙት ናቸው። የራሳችንን የምግብ፣ የማረፊያና የተከራየነውን ሚኒባስ ወጪም ከኪሳችን ለመሸፈን ወሰንን።

መስከረም 9፦ ከአዲስ አበባ እስከ ወሊሶ

ከጥቁር አንበሳ በር የተነሣነው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በግቢው አጥር ሥር ፎጣና ብርድ ልብስ ደርበው ተራ ለመያዝ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሕፃን ያቀፈች አንዲት እናት የብስክሌቶቻችንን መብራት ለልጇ በጣቷ አሳየችው። አየር ጤናን አልፈን እስከ ሰበታ ያለው መንገድ በጭነት መኪናና በአቧራ የተጨናነቀ ስለነበር በአንድ መስመር ተከታትለን፣ ሳንነጋገር ነዳን። ከሰበታ በኋላ ግን የበቾ ሜዳ ተዘረጋልን። ጥቁሩ አፈር የክረምቱን ውኃ እንደያዘ ነው፤ ጤፉ ነፋስ በነካው ቁጥር ያረገርጋል፤ የመንገዱ ዳር ዳር አደይ አበባ ለብሷል። ሪቫኖቻችን ከአበባው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ስለነበራቸው በየመንደሩ የሚያዩን ሰዎች እንቁጣጣሽ ገና ያላለቀልን መስሏቸው «እንኳን አደረሳችሁ» ይሉን ነበር።

ቱሉ ቦሎ ላይ ቁርስ በላን። ፍርፍር 110 ብር፣ ቡና 15 ብር፤ ሰፈሬ ውስጥ ያው ቡና ያኔ 30 ብር ገብቶ ነበር። ቡና የሚያፈሉት እማማ ደረቴ ላይ ያለውን ሪቫን አይተው «ይቺ ቢጫ ነገር የምንድን ናት ልጄ?» አሉኝ። ስለ ሕፃናት ካንሰር ነገርኋቸው። «ነቀርሳ ነው እንዴ እሱ?» አሉና ሒሳብ ያዣችን እርሷ ራሷ በልጅነቷ ታማ እንደነበር ስትናገር የጠጣችበትን ሲኒ ብድግ አድርገው ከሌሎቹ ለይተው ረከቦቱ ጫፍ ላይ አኖሩት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ሐዘኔታ ነው። ሁላችንም ዝም አልን፤ እርሷ ግን እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ስላየችው አልደነገጠችም። «እማማ፣ የሳንባ ነቀርሳ የሚሉት ሌላ ነው፤ እሱ በትንፋሽ ይተላለፋል፣ መድኃኒትም አለው። የእኔ በደሜ ውስጥ የተነሣ ነበር፤ ከማንም አልያዘኝም፣ ወደ ማንም አልሄደም። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አቅፋኝ ተኝታለች» አለቻቸው።

ስለ ስም ያሰብሁት ያን ጊዜ ነው። አባቶቻችን ካንሰርንም የሳንባ በሽታውንም ነቀርሳ ብለው ስለጠሩ የአንዱ ፍርሃት በሌላው ላይ አረፈ፤ ኬሞ የሚወስድ ሕፃን ከጎረቤት ልጆች ጋር እንዳይጫወት የሚከለከለውም አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው። በእርግጥ ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ሕፃኑ ከሌሎች ጉንፋንና ኩፍኝ እንዳይጋባበት ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ሊጠበቅ የሚገባው ግን እርሱ ነው እንጂ ሌሎቹ ከእርሱ አይደሉም። እማማ ይህን ሁሉ ሰምተው ምንም አልመለሱም። ቶናውን ሲቀዱ ግን ያንኑ ሲኒ አለቅልቀው ሞሉና ለራሳቸው ያዙት። ሒሳብ ስንጠይቃቸውም የእርሷን አንቀበልም አሉ።

ከቱሉ ቦሎ እንደወጣን ዝናብ ወረደብን። በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ የጫንነው ካርቶን በላስቲክ በደንብ ስላልተሸፈነ ለመበተን ካሳተምናቸው 1,000 ወረቀቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሰበሱ። ወሊሶ እንደደረስን በ450 ብር በተከራየናቸው የፔንሲዮን ክፍሎች አልጋውን፣ ወለሉንና የመስኮቱን ደፍ ሁሉ በወረቀት ሸፈንነው፤ እኛም ወረቀቶቹን ላለመርገጥ በአንድ ክፍል አራት አራት ሆነን አደርን። ጽሑፉ አጭር ነበር፦ የዓይን ብሌን መንጣት፣ ሳይመታ የሚበልዝ ገላ፣ የፊት መገርጣትና የማይለቅ ትኩሳት፣ የአጥንት ሕመም፣ በሆድ፣ በአንገት ወይም በመንጋጋ ላይ የማይጠፋ ዕብጠት፣ ጠዋት ጠዋት ከማስመለስ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከቀላል ሕመምም ሊመጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ በመጨረሻው መስመር «ካልተሻለው መልሳችሁ ውሰዱት» ብለን ጽፈናል። «መልሳችሁ» የምትለውን ቃል ያስገባኋት እኔ ነኝ።

መስከረም 10፦ ወልቂጤ

በማለዳ የፋርማሲ ተማሪው ከፔንሲዮኑ ግቢ ጠርቶን ከቧንቧው አጠገብ የተተከለች አምስት ቅጠል ያላት ሐምራዊ አበባ አሳየን። በየሆቴሉ ግቢ ለጌጥ የምትተከል፣ ሁላችንም በስም ሳናውቃት ያለፍናት ተክል ናት። አገሯ ማዳጋስካር ሲሆን ቪንክሪስቲን የተባለው መድኃኒት የሚገኘው ከእርሷ ነው። ቪንክሪስቲን ለደም ካንሰር፣ ለኩላሊት ዕጢና ለሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር ሕፃናት ከሚወስዷቸው ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሒሳብ ያዣችን አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ረዘም ላለ ጊዜ አየቻት። በልጅነቷ የመድኃኒቱን ስም ሳታውቅ ከተወጋች በኋላ ጣቶቿ እንደሚደነዝዙና መንጋጋዋን እንደሚያማት ብቻ ታስታውስ ነበር። ማንም እንዳይቀጥፋትና እንዳይቀቅላት ደግሞ ጓደኛችን አጥብቆ አስጠነቀቀ፤ ተክሏ እንዳለች መርዝ ናት፤ መድኃኒት የምትሆነው ተጣርታና በሚሊ ግራም ተለክታ ነው።

ከወሊሶ እስከ ወልቂጤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ቀኑ ለእግራችን ዕረፍት ነበር። መንገዱ ግን በመኪና ተሞልቷል። መስቀል አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ የሚጎርፈው ሰው በግና የቤት ዕቃ ጣሪያው ላይ በጫነ ሚኒባስ እያለፈን፣ በመስኮት እጁን እያወጣ ያበረታታን ነበር። እንሰቱ ከየቤቱ ጓሮ ጀምሮ ተተክሎ ሲታይ መንደሩን ሁሉ ጥላ ያደርገዋል።

ወልቂጤ ያረፍነው በአንዱ ጓደኛችን አጎት ቤት ነው። ለበዓሉ የተነጠረው ቅቤ ሽታ ከበር ይቀበላል። ክትፎው በጣባ፣ ቆጮው በስሱ ተቆርጦ፣ አይብና ጎመኑ በጎን ቀረበልን። ምግብ ቤት ቢሆን ለአንድ ሰው ከ600 ብር የማያንስ ነበር፤ አስተናጋጆቻችን ግን ስለ ዋጋ ማንሣታችንን እንኳ እንደ ስድብ ቆጠሩት። ከእራት በኋላ የመጡት ጎረቤት፣ ዕድሜያቸው 60 አካባቢ የሆነ አባት፣ እስከ እኩለ ሌሊት ያቆየንን ነገር ተናገሩ።

የልጃቸው ልጅ በደም ካንሰር ታሞ ነበር። በሬ ሸጠው፣ ከዕድር ተበድረው አዲስ አበባ አሳከሙት። በሁለተኛው ወር ልጁ በላ፣ ሳቀ፣ ፊቱ ሞላ። ሐኪሞቹ ሕክምናው ሁለት ዓመት ከዚያም በላይ እንደሚቀጥል ነግረዋቸው ነበር፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ የማረፊያና የምግብ ወጪ ነበረው። «ልጁ ድኗል ብለን ነው የተውነው። የዳነን ልጅ ይዞ ማን ሐኪም ቤት ይመላለሳል?» አሉን። ከሰባት ወር በኋላ ሕመሙ ተመልሶ መጣ፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ አልያዘለትም።

የነርስነት ተማሪዋ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፤ ወቀሳ በማይመስል ቃል ነበር። የመጀመሪያው ወር መድኃኒት ሕመሙን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ ሥሩን አይነቅለውም፤ ተደብቆ የሚቀረውን ለማጥፋት ነው ሕክምናው የሚረዝመው። ከ1948 እ.ኤ.አ. በፊት የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን ለአጭር ጊዜ እንኳ የሚሻለው መድኃኒት አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ሲድኒ ፋርበር የተባለ የቦስተን ሐኪም ለጥቂት ሕፃናት ባስገኘው መሻል ተጀምሮ፣ ዛሬ በበለጸጉት አገሮች በብዛት የሚታየው ዓይነት የሕፃናት የደም ካንሰር ከያዛቸው ከ10 ሕፃናት 9 ያህሉ ይተርፋሉ። ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቶችን አቀናጅቶ፣ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው መስጠት ነው። አባባ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሲነሡ 500 ብር ከኪሳቸው አወጡና «ለመሳፈሪያ ለቸገረው ስጡልኝ» አሉ። በመንገድ ገንዘብ አንቀበልም ብለን መወሰናችንን ስንነግራቸው ቅር አላቸው፤ እንቀበል ስንል ደግሞ «እንግዲያው ደረሰኝ ስጡኝ» አሉ። ደረሰኝ አልነበረንም። ሒሳብ ያዣችን ደብተር አምጥታ ስማቸውንና የገንዘቡን መጠን ጽፋ፣ እርሳቸውም እኛም ፈረምንበት፤ የገጹንም ግልባጭ በእጇ ጽፋ ሰጠቻቸው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ደብተሩ የጉዟችን ዋና ዕቃ ሆነ።

መስከረም 11፦ የግቤ ሸለቆ

ከወልቂጤ ወደ ግቤ ወንዝ የሚወስደው ቁልቁለት በጠመዝማዛ እየተሽከረከረ ይወርዳል። የደጋው ብርድ ከኋላችን ቀርቶ ሞቃት አየር ፊታችንን መታን፤ ጃኬታችንን ሦስት ጊዜ እየቆምን አወለቅን። ከመካከል ላይ የመምህሩ የኋላ ፍሬን ሸራ ተበልቶ አለቀና እግሩን መሬት እየጎተተ በመንገዱ ዳር ባለ የአሸዋ ክምር ላይ ወጥቶ ቆመ። ክርኑ ተላጠ፣ የፊት ጎማውም ጠመመ። ጎሚስታ በአቅራቢያ ስላልነበረ ጎማውን ራሳችን በድንጋይና በእጅ እየገፋን እስኪሽከረከር ድረስ አቃናነው፤ እርሱ ግን እስከ ድልድዩ በሚኒባሱ ወረደ። ያንን ቁራጭ መንገድ ከቃል ኪዳኑ ኪሎ ሜትር ላይ ቀንሰንለታል።

ድልድዩን ተሻግረን ጥላ ሥር የበቆሎ እሸት ጥብስ በላን። አንዱ 15 ብር ነበር፤ አዲስ አበባ ያኔ 30 ብር የምንገዛው ግማሹን አያህልም። እዚያ የነርስነት ተማሪዋ የነገረችን ታሪክ ከጉዟችን ጋር ስለተገናኘብኝ ሙሉውን እጽፈዋለሁ። ዴኒስ በርኪት የተባለ አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ሲሠራ መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናት ይመጡለት ነበር፤ ያንን ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1958 በጽሑፍ አሳወቀ። በ1961 ደግሞ የት የት አገር እንደሚገኝ ለማወቅ ከሁለት ሐኪም ጓደኞቹ ጋር በአሮጌ መኪና ተነሥቶ፣ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። በየሆስፒታሉ ፎቶግራፍ እያሳየ «እንዲህ ያለ ሕፃን አይታችኋል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያገኘው መልስ የሕመሙን ካርታ ሠራ፤ ዕጢው ሞቃትና ዝናባማ በሆነው ቆላ ይበዛል፣ በብርዳማው ደጋ ይጠፋል። ካርታው ከወባ ካርታ ጋር የሚገጥም ነበር። በ1964 በዚሁ ዕጢ ውስጥ ቫይረስ ተገኘ፤ ዛሬ ወባ ደጋግሞ ሲያጠቃና ይህ ቫይረስ ሲጨመርበት ዕጢው እንደሚነሣ ይታወቃል። በሐኪሙ ስም በርኪት ሊምፎማ የተባለው ይህ ዕጢ በጣም ፈጥኖ ከሚያድጉት ካንሰሮች አንዱ ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን ለኬሞ በፍጥነት ይሸነፋል። እኛም በግማሽ ቀን ከደጋ ወደ ወባ አገር ወርደን፣ ወረቀት ይዘን ያንኑ ጥያቄ እየጠየቅን ነበር። በቆሎ የሚጠብሱት ሴት የወረቀቱን ሥዕል አይተው «የጆሮ ደግፍ ነው ብለን የምንተወው ይሄን ነው?» አሉን። ጆሮ ደግፍ በሳምንት በሁለት ሳምንት እንደሚጎድል፣ ይህ ግን በየቀኑ እንደሚጨምር ተነገራቸው። አምስት ወረቀት ጠይቀው ወሰዱ።

ከድልድዩ ወዲያ ወደ አበልቲ የሚያስወጣው ዳገት የጉዞው ከባዱ ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላው ፀሐይ አናት ላይ ነበር፤ እኔ ሁለት ጊዜ ወርጄ ብስክሌቴን ገፍቻለሁ። ሶኮሩ ስንደርስ መሽቶ፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር። በሻማ ሽሮ በላን፤ ከደከመ ሰው ጋር ሽሮ ምን ያህል እንደሚስማማ ያን ማታ አወቅሁ።

መስከረም 12፦ አሰንዳቦ

ከሶኮሩ በኋላ መንገዱ ለስለስ ይላል። ደነባ አካባቢ የግልገል ግቤ ግድብ ውኃ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ አየን። አሰንዳቦ ገበያ ነበር፤ በርበሬ፣ በቆሎ፣ ሙዝ በየመደቡ ተዘርግቷል። መምህሩ በአፋን ኦሮሞ ሲናገር ሰው ከበበው። በወረቀት ከምንበትነው ይልቅ የሠራው ግን ሒሳብ ያዣችን መቆሟ ነው። «ይህቺ ልጅ ናት? ታማ የነበረችው? ድናለች?» የሚለው ጥያቄ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። አንድ ሽማግሌ እጇን ይዘው አገላብጠው አዩት። ሰዎቹ በካንሰር የሞተ ሰው ያውቃሉ፤ ከካንሰር ተርፎ አድጎ የቆመ ሰው ግን አላዩም ነበር።

በዚህ መሐል አራት ዓመት የማይሞላት ልጁን ያዘለ አባት ሕዝቡን አቋርጦ መጣ። ልጅቱን አውርዶ ቀሚሷን ገለጠልን። ሆዷ በአንድ ወገን ተነፍቷል። ጣፊያ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ እንደተጠገነች፣ ከሁለት ወር ወዲህ ግን እየጨመረባት እንደሄደ ተናገረ። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች እጃቸውን እየዘረጉ ሊዳስሷት ሲሞክሩ የነርስነት ተማሪዋ ፊት ለፊት ቆማ ከለከለች፤ እርሷም ራሷ አልዳሰሰችም። በሕፃን ሆድ ውስጥ ያለ ዕጢ የኩላሊት ዕጢ ከሆነ ደጋግሞ መጫን ሊያፈነዳውና ሕመሙን ሊበትነው ስለሚችል ነው። ምን እንደሆነ በሆስፒታል እንጂ በገበያ እንደማይታወቅ፣ ግን ቀን መቁጠር እንደማያስፈልግ ነገረችው። አብረነው ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ተረኛው ባለሙያ ልጅቱን በጥንቃቄ አይቶ ወዲያው ወደ ጅማ የሪፈር ወረቀት ጻፈ።

አባትየው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ዛሬውኑ እንሂድ ስንለው ዝም አለ። እርሻው አለ፣ ሚስቱ አራስ ናት፣ ብርም አልያዘም። ሰኞ እመጣለሁ አለ። የመሳፈሪያውን ገንዘብ ከደብተሩ ላይ እንስጠው ብለን ተመካከርን፤ ሁለታችን እንስጥ፣ ሁለታችን ደግሞ ጅማ ሲደርስ ይከፈለው አልን። በመጨረሻ ለሁለት ሰው መሳፈሪያ የሚበቃ ሰጥተነው፣ ስልክ ተለዋወጥን። ብስክሌቴ ላይ ተቀምጬ ከከተማው ስወጣ ያቺ «ሰኞ» የምትለው ቃል አልለቀቀችኝም። እኛም ያኔ ሲያድግ ይነሣለታል ስንባል እሺ ብለን የተመለስነው በዚያው ድምፅ ነው።

መስከረም 13 እና 14፦ ጅማ

ሰርቦን አልፈን ጅማ የገባነው በረፋዱ ነው። ጅማ አረንጓዴ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግንባታ የሚውጠው ዛፍ እዚህ ቤቱን ይውጠዋል። አንድ ኪሎ አቮካዶ ከአዲስ አበባው በግማሽ ዋጋ አገኘን፤ ጀበና ቡናው 10 ብር ነበር፣ ከጉዟችን ሁሉ የጣፈጠውም እርሱ ነበር። ከአዲስ አበባ የቆጠርነው ርቀት 352 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ወደ ሆስፒታሉ የገባነው ስድስት ሆነን በጸጥታ ነው፤ ፎቶ ላለማንሣት አስቀድመን ተስማምተናል። ፀጉራቸው የረገፈ ሁለት ልጆች በኮሪደሩ ከተጣለ የመድኃኒት ካርቶን መኪና ሠርተው ይጎትቱ ነበር። ከአስታማሚዎቹ ጋር ስናወራ ሁሉም ያነሡት አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ መድኃኒቱን እንጂ ሌላውን ማን አሰበው። በኬሞ ዙሮች መካከል አገራቸው ደርሰው ለመመለስ የመሳፈሪያ ገንዘብ የላቸውም፤ ለመቆየትም ማደሪያ የላቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቻቸው የታመሙባቸው ወላጆች ያቋቋሙት ተስፋ አዲስ የተባለው ድርጅት ከሩቅ ለሚመጡ ሕፃናትና አስታማሚዎች ማረፊያ ማዘጋጀቱን ሒሳብ ያዣችን ታውቅ ስለነበር፣ እዚያ የምትተኛ አንዲት እናት ጠዋት ጠዋት እንዴት ሻይ እንደምታፈላ ነገረቻቸው። ችግሩ የጅማ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. በጀመረው የሕፃናት ካንሰር ንቅናቄ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት ሕሙማን ሕፃናት እንዲተርፉ ግብ አስቀምጧል። በየዓመቱ 400,000 ያህል ሕፃናትና ታዳጊዎች በካንሰር ይያዛሉ፤ በበለጸጉት አገሮች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ በብዙ ድሃ አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ላለው ገደል ከምክንያቶቹ መካከል ዘግይቶ መምጣትና ሕክምናን ማቋረጥ ይገኙበታል፤ የወልቂጤው አባባና የአሰንዳቦው አባት በዚህ ገደል ግራና ቀኝ ቆመው ታዩኝ።

ደም ለመስጠት ጠይቀን ነበር፤ ኬሞ የሚወስዱ ሕፃናት ደምና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) በብዛት ያስፈልጋቸዋል። ደም የምትቀዳው ነርስ ግን በዚያ ዕለት በብስክሌት እንደመጣን ሰምታ «ዛሬ ውኃ ጠጥታችሁ ተኙ፣ ነገ ኑ» ብላ መለሰችን። በማግሥቱ ከስምንታችን ስድስታችን ሰጠን።

ከጅማ ስንመለስ የመስቀል ተጓዥ መንገዱን ስላጨናነቀው አውቶቡስ ለማግኘት አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብን፤ ብስክሌቶቻችን በሚኒባሱ ጣሪያና ውስጥ ተጭነው ቀድመውን ሄዱ። ቃል የገቡት 74 ሰዎች በኪሎ ሜትር የፈረሙት በድምሩ 612 ብር ነበር፤ በ352 ሲባዛ 215,424 ብር፣ ከዚህ ላይ መምህሩ በመኪና የወረደበት ይቀነሳል። እስካሁን የገባው 187,900 ብር ነው። በደብተሩ ላይ ከመንገድ የተመዘገበው 6,370 ብር ለብቻው ተቀምጧል። ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ከእኛ፣ ሁለት ከሕሙማኑ ወላጆች ሆነው በጋራ ሲፈርሙ ነው።

ሰኞ አለፈ፤ አባትየው አልመጣም። ማክሰኞ ደወልን፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እርሱ ራሱ ከጅማ ደወለ። ልጅቱ በአልትራሳውንድ ታይታ ኩላሊቷ ላይ ዕጢ እንዳለ ተነግሮት አልጋ ይዟል፤ ቀጣዩ ምርመራ ገና ነው። የጠየቀን አንድ ነገር ነው፦ እርሱ ሲያስታምም አራስ ሚስቱን የምታግዝ እህቱን አሰንዳቦ መላክ ይቻል እንደሆነ። ሒሳብ ያዣችን ደብተሩን አውጥታ በወጪው ገጽ ላይ የእህቱን መሳፈሪያ ጻፈች።